የስድስት ሰዓቱ ሕግ

ሐኪም የሚመሰገነው በዳነው በሽተኛ አፍ ነው። ዓይኑ በርቶለት ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው የሐኪሙን ስም ለጎረቤቱ፣ ለዘመዱ፣ ለንስሐ አባቱም ሳይቀር ሲያነሣ ይኖራል። ሳይታመም የቀረ ሰው ግን ማንን ያመሰግናል? በተወለደ በሳምንቱ ሁለት ዓይኑ ሊጠፋ ሲል በአንድ የሕግ አንቀጽ ምክንያት የተረፈ ሕፃን፣ አድጎና ተምሮ መጽሐፍ ሲያነብ፣ የሚያነብበት ዓይን የማን ውለታ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ስለዚህም የሕክምና ታሪክ የቀዶ ጥገናን ጀግኖች በሰፊው ሲያወሳ፣ በሕግ አውጪዎች ደጅ ጠንተው ያረጁትን ሐኪሞች በአንድ መስመር ያልፋቸዋል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ከእነዚህ ደጅ ጠኚዎች አንዱን እናነሣለን። ዶክተር ሉሲየን ሃው ይባላሉ። አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1848 ሜይን በሚባለው ግዛት ተወለዱ፤ በ1928 ሞቱ። የሥራ ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በባፋሎ ከተማ ሲሆን፣ በዚያም በ1876 የዓይንና የጆሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት አቋቁመዋል። አንባቢ «ባፋሎ ወዴት፣ ደባርቅ ወዴት?» ሳይለኝ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ እንደ ሊማሊሞ መንገድ ጥቂት ጠመዝማዛ ስለሆነ በትዕግሥት አብረን እንውረድ።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ወደ ዳባት ሲቃረብ የወገራን ደጋ በግራና በቀኝ ያያል። ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት፣ ነፋሱ የማያቋርጥ፣ በበጋ አቧራው ፊት የሚመታ አገር ነው። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደባርቅ ይገኛል፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት፣ ዋልያና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያርፍበት ከተማ ነው። እንግዳው ካሜራውን ወደ ገደሉ ያዞራል። በገበያ ቀን ከቆላና ከደጋ የመጡትን ሰዎች ፊት ቀረብ ብሎ የተመለከተ ግን ሌላ ነገር ያያል። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ የምትጠርግ እናት አለች፤ ፀሐዩን መቋቋም አቅቷቸው መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ዘርግተው የሚሄዱ ሽማግሌ አሉ፤ በአንገት ክር ላይ የተንጠለጠለች አነስተኛ የብረት ወረንጦ አለች። ያቺ ወረንጦ እሾህ ማውጫ ብቻ አይደለችም። ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን የሚወጋውን ሽፋሽፍት መንቀያም ናት።

በሽታው ትራኮማ ነው፤ የዓይን ማዝ የሚሉትም አሉ። ክላሚድያ ትራኮማቲስ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በልብስና በዓይናር ላይ በሚያርፍ ዝንብ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ የያዘው ሰው አይታወርም። ክፋቱ በመመላለሱ ነው። በልጅነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው እያደር ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። እንግዲህ አንድ ሰው በቀን ስንት ሺሕ ጊዜ ዓይኑን እንደሚያርገበግብ አንባቢ ራሱ ይገምት። በ1998 ዓ.ም. ግድም በመላው አገር በተደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ልጆች መካከል በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 40.1፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶ 62.6 የሚሆኑት በሽታው በንቃት ላይ ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። እንደ ዶክተር አበበ በጂጋና እንደ ዶክተር ወንዱ ዓለማየሁ ያሉ የዓይን ሐኪሞቻችን ከተካፈሉበት ከዚህ ቆጠራ ወዲህ መድኃኒቱ በዘመቻ ሲታደል ቆይቶ በብዙ ወረዳ ቁጥሩ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ዶክተር ሃው ይህን በሽታ በሩቅ ወሬ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ወደ ግብፅ ሄደው የአገሩን የዓይን በሽታ በዓይናቸው ተመልክተዋል። በ1888 ባወጡት ጽሑፍም ዝንብ በሚበዛበት ወራትና ሥፍራ የዓይን በሽታውም እንደሚበዛ ገልጸው፣ አስተላላፊው ዝንብ ሳይሆን እንደማይቀር አስረዱ። በዘመኑ በሽታ በረቂቅ ተሐዋስያን ይመጣል የሚለው ትምህርት ገና አዲስ ስለነበረ፣ ዝንብን ተከሳሽ አድርጎ ማቅረብ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ዳባት ገበያ ውስጥ ከሕፃን ፊት ላይ ዝንብ እሽ ያለች እናት ግን ጽሑፉን ሳታነብ ነገሩን ታውቀዋለች።

ሆኖም ስማቸውን ያስጠራው የግብፁ ጽሑፍ አይደለም። የአራስ ሕፃን ዓይን ነው።

እናቲቱ ጨብጥ ያለባት እንደሆነ ሕፃኑ ሲወለድ በመንገዱ ላይ ተሐዋሲውን በዓይኑ ይቀበላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆቡ ያብጣል፣ መግል ይፈሳል፣ ሳይታከም ከሰነበተም ብሌኑ ቆስሎ ይበሳል። ላይፕሲክ በምትባለው የጀርመን ከተማ ካርል ክሬዴ የተባሉ የማዋለድ ሐኪም በ1880 በተወለደው ሕፃን ሁሉ ዓይን ላይ የብር ናይትሬት ውኃ አንድ አንድ ጠብታ ማድረግ ጀመሩ። በሚሠሩበት ቤት ከመቶው አራስ አሥሩን ያህል ይይዝ የነበረው በሽታ ከመቶ አንድ በታች ወረደ። አንድ ጠብታ! ርካሽ፣ ቀላል፣ ማንም የሚማረው ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላም ቢሆን በአውሮፓም በአሜሪካም ሕፃናት መታወራቸውን ቀጠሉ። መድኃኒት መገኘቱና መድኃኒቱ በሽተኛው ዘንድ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን የመንግሥት ሥራ የጀመርን ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የምንማረው ነው።

ዶክተር ሃው የተያያዙት ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሕፃን የሚወለደው በቤት ውስጥ በአዋላጅ እጅ ነበር። ዓይኑ ሲቀላ አዋላጂቱ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ትላለች፤ ወይም የእናቱን ጡት ወተት ታንጠባጥብለታለች፤ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ብሌኑ ከነጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ሄዱ። በ1890 የኒውዮርክ ግዛት እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሕግ አወጣ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሕፃን የያዘች አዋላጅ ወይም ነርስ፣ ሕፃኑ በተወለደ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ ዓይኑ ቀልቶ ወይም ተቆጥቶ ያየች እንደሆነ፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ለጤና ሹሙ ወይም ፈቃድ ላለው ሐኪም ማስታወቅ አለባት። ይህን ያላደረገች እስከ 100 ዶላር መቀጮ፣ ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት፣ ወይም ሁለቱም ይፈረድባታል።

ይህ ጸሐፊ የሕግ ሊቅ ባይሆንም የአንቀጹን አሠራር ያደንቃል። አዋላጂቱን «በሽታውን መርምረሽ ዕወቂ» አይላትም። የማትችለውን አልጠየቃትም። የጠየቃት ማንም ዓይን ያለው ሰው የሚያየውን ቅላት እንድታይና እንድትናገር ነው። እስከ መቼ እንደምትጠብቅ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደምትናገር፣ ለማን እንደምትናገር በግልጽ ተጽፏል። «አግባብነት ያለው አካል በተቻለ ፍጥነት አስፈላጊውን ያደርጋል» የሚል ሐረግ የለበትም። በየመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለውን ሐረግ ስንት ጊዜ ጽፈን እንደምናልፍ እናውቃለን።

አሁን ይህን ሕግ አንሥተን ሰሜን ተራሮች ሥር እናስቀምጠው። ጃናሞራ ውስጥ ወይም በየዳ ውስጥ ሕፃን ተወልዶ በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቀላ እንበል። ከበየዳ ተነሥቶ ደባርቅ ለመድረስ ለእግረኛ አንድ ሙሉ ቀን አይበቃውም፤ ገደሉ አለ፣ ወንዙ አለ፣ በክረምት ጭቃው አለ። ከሊማሊሞ በታች ያለው ቆለኛም ወደ ደባርቅ የሚወጣው ዳገቱን በእግሩ እየቧጠጠ ወይም የሚጭነው መኪና እስኪገኝ እየጠበቀ ነው። ሕጉ ለባፋሎ አዋላጅ የሰጣት ስድስት ሰዓት እዚህ ገና የመጀመሪያውን ሸንተረር የሚያሻግር ጊዜ ነው። «በጽሑፍ» የሚለውም ቃል አለ። ጽሕፈት ለማታውቅ የልምድ አዋላጅ በጽሑፍ አስታውቂ ማለት ምን ማለት ነው?

የሚገርመው፣ እንቅፋቱ እዚያው ኒውዮርክም ውስጥ ነበረ። ሕጉ ወጣ፤ ሌሎች ግዛቶችም እየተከተሉ ተመሳሳይ ሕግ አወጡ፤ የሚፈጽመው ግን ጠፋ። ብዙዎቹ አዋላጆች ከባሕር ማዶ የመጡ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ ነበሩ። ሕጉ ከወጣ ከአሥራ ስድስትና ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ እንኳ በአሜሪካ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች አዲስ ከሚገቡት ልጆች ከመቶ 28 ያህሉ በዚሁ በአራስነት በሽታ የታወሩ ነበሩ። በ1907 ሔለን ኬለር በአንድ ታዋቂ የሴቶች መጽሔት ላይ ነገሩን በይፋ ጻፈች፤ ስለ ጨብጥ በአደባባይ መጻፍ ነውር በነበረበት ዘመን ነው። በ1908 ሉዊዛ ሊ ስካይለር የተባሉ ሴት በኒውዮርክ የዕውርነት መከላከያ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ፓርክ ሉዊስ የተባሉ ሌላ የባፋሎ ዓይን ሐኪምም ዋና ረዳታቸው ሆኑ። ከዚህ በኋላ ጠብታው በነፃ ለአዋላጆች ይታደል ጀመር። ቁጥሩ የወረደው ያን ጊዜ ነው። ዶክተር ሃው ሕጉን አስወጡ፤ ሌሎች ደግሞ ጠርሙሱን በአዋላጂቱ እጅ አስገቡ። ለማመስገን ከተነሣን ሁለቱንም ማመስገን ይገባናል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ባዶ መሬት አናገኝም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 100 ሐኪም የሚባለው ማን እንደሆነ ሲወስን፣ የአገር መድኃኒት አዋቂዎችን ግን አልከለከለም፤ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ በሙያቸው የታወቁ እስከሆኑና ሥራቸው ሕይወትን አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ ተዋቸው። ይህ አስተዋይ ውሳኔ ነበር፤ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ሌላ ምን ይባላል? ነገር ግን ለዓይን የሚሆን ክፍተት በውስጡ ቀረ። ዓይኑን ላመመው ሰው ቅንድቡን የሚበጣ፣ ደሙን የሚያፈስ፣ ቅጠል ጨምቆ የሚያንጠባጥብ አዋቂ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ ጣለ አይባልም። ሰውዬው በሕይወት አለና። የጠፋው ብርሃኑ ብቻ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚያ ራቅ ብሎ ሄደ። ማንኛውም ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ጥገና ምርመራን በማናቸውም ጊዜ እምቢ የማለት መብት እንዳለው በ20ኛው አንቀጽ ደነገገ። በ2031ኛው አንቀጽ ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ ላደረሰው ጉዳት አላፊ እንደሚሆን ተናገረ። ስለ ሕክምና ውል ከ2639 ጀምሮ ባሉት አንቀጾች ውስጥ፣ ሐኪም በጽሑፍ ካልገባ በቀር «አድንሃለሁ» የሚል ዋስትና እንደሌለበት፣ የሕክምና ቤቱ ግን ሐኪሞቹና ረዳቶቻቸው በጥፋታቸው ለሚያደርሱት ጉዳት አላፊ መሆኑን አስቀመጠ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በ535ኛው አንቀጽ ያለ ፈቃድ የሕክምና ሥራ የሚሠራውን ይቀጣል። በ2002 ዓ.ም. የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661 ወጣ፤ የምግብና የመድኃኒቱ ክፍል ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 ተተካ። እንግዲህ ወረቀቱ ሞልቷል። የፍትሐ ብሔሩን አማርኛ ዩኒቨርሲቲ የጨረስነው እንኳ ሁለት ጊዜ ሳናነብ የማይገባን ሆኖ ሳለ፣ ከወገራ ገጠር የመጣች በሽተኛ «20ኛው አንቀጽ እምቢ እንድል ፈቅዶልኛል» ትላለች ብሎ መጠበቅ ግን ዘበት ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ተኚ ሲላት ትተኛለች።

ለዚህ ነው የበሽተኛ ደኅንነት ጥያቄ ከፍርድ ቤት ይልቅ በቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ የሚታየው። የተቀለበሰ ሽፋሽፍት የሚቃናው የዓይን ቆብን በመክፈትና ጠርዙን ወደ ውጭ በማዞር በመስፋት ነው። የዓይን ስፔሻሊስቶች በቁጥር ጥቂቶች፣ መኖሪያቸውም በትልልቅ ከተሞች ስለሆነ፣ ሥራውን በየጤና ጣቢያው የሚሠሩት በአብዛኛው ለዚሁ ጉዳይ ተለይተው የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና ሠራተኞች ናቸው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። መደንገጥ አይገባም፤ በደንብ የሠለጠነ እጅ የማንም ቢሆን እጅ ነው። የሚያስደነግጠው በአልጋው ላይ የተሠራው ሥራ ከዓመት በኋላ ምን እንደሆነ ተመልሶ የሚያይ ሲጠፋ ነው። የተሰፋው ቆብ እንደገና የሚቀለበስበት ጊዜ ትንሽ አይደለምና። ያቺ ወረንጦም ወደ አንገት ክሯ ትመለሳለች።

በዚህ በኩል በአማራ ክልል የተሠራ አንድ ሥራ አለ። እስማኤል ሀብታሙ የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ሺሕ በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለገሚሶቹ ቆቡን ከቆዳው እስከ ውስጥ ድረስ በሙሉ የሚቆርጠው ስልት፣ ለገሚሶቹ ደግሞ የውጭውን ቆዳ ሳይነካ በውስጥ በኩል ብቻ የሚቆርጠው ስልት ተሠራላቸው። ሁለቱም ስልቶች በዓለም የተፈቀዱ ነበሩ፤ ሁለቱም በየጤና ጣቢያው ይሠራባቸው ነበር። በሽተኞቹን እስከ ዓመት ድረስ ተከታትለው ሲያዩ፣ በመጀመሪያው ስልት ከተሠራላቸው ከመቶ 22ቱ፣ በሁለተኛው ከመቶ 13ቱ ተመልሶባቸው ተገኘ። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በሚባለው መጽሔት ታተመ። ልዩነቱ ከመቶ ዘጠኝ ሰው ነው። እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች የተጎዱት በሰነፍ ሐኪም ወይም በክፉ ነርስ አልነበረም፤ ትክክለኛ በተባለ ሥራ ነው። ማንም ፍርድ ቤት አላፊ አያደርግም። ሳይቆጠሩ ቢቀሩ ኖሮ መኖራቸውንም ማንም ባላወቀ ነበር። ከዚያም አስቀድሞ በወላይታ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን የሚባል መድኃኒት መመለሱን በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል። እንዲህ ያለው ነገር ወደ አሠራር ደንብ ሲገባ፣ ደንቡም በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ያን ጊዜ ለበሽተኛዋ ከአንቀጽ 2651 ይልቅ እርሱ ይቀርባታል።

እስካሁን ዶክተር ሃውን ስናመሰግን መጣን። አሁን ግን ምስጋናውን የሚያሰናክል ነገር አለና መደበቅ አይገባም። ሰውዬው ሕግ በማስወጣት የተሳካላቸው በመሆኑ፣ በስተርጅናቸው ሕግን ለሁሉ ነገር መድኃኒት አደረጉት። በዘመኑ በአሜሪካ ሰፍቶ በነበረው፣ የሰውን ዘር እንደ ከብት እያመረጥን እናራባ በሚለው አስተሳሰብ ተያዙ፤ የዚሁ አስተሳሰብ ተመራማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት እስከመሆንም ደረሱ። በ1921 በዘር የሚተላለፍ የዓይን ጉድለት አለበት የሚባል ሰው ጋብቻው በፍርድ ቤት በኩል እንዲታገድ የሚያስችል ረቂቅ ለኒውዮርክ ምክር ቤት እንዲቀርብ አደረጉ። ደግነቱ ረቂቁ አልጸደቀም። እርሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ሐሳቡን አልተዉትም።

ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነታቸውን ያያል። የ1890ው ሕግ ጣቱን የቀሰረው ኃላፊነት በያዘችው በአዋላጂቱ ላይ ነው፤ ሕፃኑን ከቸልተኝነት ይጠብቀዋል። የ1921ዱ ረቂቅ ግን ጣቱን ወደ በሽተኛው ወደ ራሱ አዞረ፤ ኅብረተሰቡን ከዓይነ ስውሩ እንጠብቅ አለ። አንዱ ሐኪም ሁለቱንም በአንድ ብዕር ጻፈው። እኛ ጎንደሬዎች ለዚህ ረቂቅ የምንሰጠው መልስ አለን። በዚህ አገር ቅኔ ቤትና ዜማ ቤት ውስጥ ዓይነ ስውር የኔታ እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፉን በቃሉ ይዞ፣ ተማሪው ባጠፋ ጊዜ ከነቃሉ ከነዜማው የሚያርም መምህር ስንት ትውልድ አስተምሯል። የዶክተር ሃው ረቂቅ ጎንደር ላይ ሕግ ቢሆን ኖሮ ስንት ጉባኤ ይታጠፍ እንደነበረ ማሰብ ያስፈራል። ዕውርነትን መከላከል ዓይነ ስውርን መከልከል አይደለም።

ሆኖም ክፉውን ሐሳብ አይተን በጎውን ሕግ አንጥልም። በ1926 ዶክተር ሃው 250,000 ዶላር ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሰጥተው የዓይን ምርምር ቤት አቋቋሙ፤ እርሱም በስማቸው ተሰየመ። የስድስት ሰዓቱ ሕግ ደግሞ በየአገሩ መልኩን እየለወጠ ተጓዘ። የብር ናይትሬቱ ጠብታ ዓይን የሚቆጠቁጥ ስለነበረ ዛሬ በብዙ አገር በሌላ መድኃኒት ተተክቷል።

በእኛ አገር የተተካው በቴትራሳይክሊን ቅባት ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ መድኃኒት ያለበት፣ በአነስተኛ ቱቦ የሚመጣ። በጤና ጣቢያ የተወለደ ሕፃን ክብደቱ እንደሚመዘን፣ እትብቱ እንደሚታይ ሁሉ፣ ይህ ቅባት በሁለቱም ዓይኑ ይደረግለታል። በትራኮማ ዘመቻ ጊዜ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች የሆኑ ሕፃናት የሚዋጠውን መድኃኒት ስለማይወስዱ የሚሰጣቸው ይኸው ቅባት ነው። ለነገሩ የአራሱን ዓይን ከሚያጠቁት ተሐዋስያን አንዱና የትራኮማው ተሐዋሲ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው፤ ዝርያቸው ብቻ ይለያያል። ስለዚህ ያቺ ቱቦ በዳባት ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ፣ የባፋሎውን ሕግና የግብፁን ዝንብ ሁለቱንም ትመለከታለች።

ችግሩ በቤት የሚወለደው ሕፃን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 48 ነበሩ። የቀሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዶክተር ሃው በ1890 ባዩት ሁኔታ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው፤ ቤት፣ ጎረቤት፣ አዋላጅ፣ «ብርድ ነው፣ ያልፋል»። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ርቀት ለማሳጠር ብዙ ሠርተዋል። ብዙዎቹ የዕድሜ እኩዮቻችን ናቸው፤ ምናልባትም አብረውን የተማሩ። እኛ በቢሮ ስለ አፈጻጸም ስንጽፍ እነርሱ በእግራቸው ይፈጽማሉ።

በዚህ ነገር ዳባት ከብዙ ወረዳ የተሻለ ዕድል አላት። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን ለገጠር ለማሠልጠን ነበር። የእርሱ ወራሽ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ዳባት ላይ የምርምር ማዕከል አቋቁሞ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ከቤት ቤት እየዞረ መመዝገብ ጀመረ። ዶክተር ሃው ከአዋላጂቱ «በጽሑፍ» ብለው የጠየቁትን የሚጽፍ ሰው እዚህ ከነደብተሩ ወደ ቤቱ ይመጣል። በመዝገቡ ላይ ልደቱ ከተጻፈ፣ በዚያው ጉብኝት የሕፃኑን ዓይን ገልጦ ማየት የሚጠይቀው ደቂቃ ብቻ ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የአራስ ዓይን መድኃኒት በግዴታ መሰጠቱ እንዲቀር ሐሳብ አቅርቧል፤ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ በእርግዝናቸው ጊዜ ተመርምረው ከታከሙ ጠብታው አያስፈልግም ብሎ ነው። የታላቋ ብሪታንያ ሐኪሞችም ልማዱን ከተዉት ቆይተዋል። አንድ ሕግ ሥራውን ጨርሶ ሲሻር ከዚህ የተሻለ ጡረታ የለውም። ሊማሊሞ ሥር ባለ ቀበሌ የምታረግዝ ሴት ለዚያ ምርመራ ናሙና የምትሰጥበትን ላቦራቶሪ ለማግኘት ግን ገና ብዙ ዳገት መውጣት አለባት፤ እስከዚያው ለልጇ ዓይን ያለው ያቺ ትንሽ ቱቦ ናት።